ከአፌ የቀማኸው ጉርሻ

ይሁኔ፣ ዓለሜ፤

መስቀል ሲመጣ ከተለየኸኝ ዓመት ይሞላል። እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ? እኔስ አለሁ፤ ይህም መኖር ከተባለ።

የቤቱን ወሬ ላውራህ። በሐይቁ በኩል ያለው መስኮት መዝጊያው ወልቆ ነበር፤ የፋብሪካ ጓደኞችህ መጥተው ጠገኑልኝ። የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ አሁንም አይቀርም። ባንተ ፈንታ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ እንዳንተ ዓይንን ገልጦ መተኛት ግን አልቻልሁበትም።

ሰውነቴም እንደተውኸው ነው፤ አልወፈርሁም። አዲስ አበባ ያ የውጭ አገር ሐኪም ጨጓራዬን ቀዶ ካሳነሰው ወዲህ ምግቤ የሕፃን ምግብ ያህል ብቻ እንደሆነ የምናውቀው ሁለታችን ነበርን። ከዚያ ካለፍሁ ያስመልሰኛል፤ ማለፉን ቀስ በቀስ ከለመድሁት ደግሞ ያ ሁሉ ውፍረት ስኳሩንና የትንፋሽ ማጠሩን ይዞ ይመለሳል። ለሌላው ሰው ኦፕራሲዮን የሆነችው ጨጓራዋን ታማ ነው ብለን ዘጋነው። ሌላ ምን እንበል? በረሃቡ ከወሎ የተፈናቀለው ሰው በመኪና እየተጫነ በከተማችን ሲያልፍ እያየን፣ እኔ ውፍረት ለመቀነስ ሆዴን አስቀደድሁ ተብሎ በየትኛው አፍ ይነገራል? ኀፍረቱ ከቁስሉ ይብስብኝ ነበር።

ሰው ግን መች ይተዋል! ሴት ከከሳች በሽተኛ ናት፣ ካልሆነም ባሏ አይመቻትም። ሠርግ ቤት ሆነ ክርስትና ቤት፣ ሁሉም በሞቴ እያለ ጉርሻ ይዘረጋልኛል። ያኔ ነው አንተ ከጎኔ አንገትህን አስግገህ ጉርሻውን ከመንገድ የምትቀማው። ሰው ይስቃል፤ አንተም አፍህ እንደሞላ ትስቃለህ። በዚህ የተነሣ ከሚስቱ አፍ የሚነጥቅ ሆዳም ተብለህ ቀረህ። የጎረቤታችን የእትዬ ውባለም ልጅ ስትዳር ለእኔ የተጠቀለለውን ሁሉ ዋጥህልኝና፣ በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ ቀበቶህን ፈትተህ ዛፍ ተደግፈህ ስታቃስት እኔ በሳቅ ፈረስሁ። ለሚቀጥለው ሠርግ ከጠዋት ጀምረህ ሆድህን ባዶ አድርገህ እንደምትጠብቅ በቁም ነገር ነገርኸኝ። ደግሞም አደረግኸው።

ከዚያ ለሥራ ጎርጎራ ሄደህ ወባ ይዞህ ተመለስህ። ሳምንት እንኳ አልቆየህልኝም።

ለቅሶው ላይ እህል ቅመሺ የማይለኝ አልነበረም። ጉርሻው ሲመጣ ወደ ጎኔ ዞር እላለሁ፤ አንተ የለህም። እንደምንም ውጬ ጓዳ እየገባሁ አስመለስሁ። ሐዘኑ ነው አሉ፤ ሐዘኑም ነበር። መብል ወዳዱ ይሁኔ እያሉ ሲያለቅሱልህ አንጀቴ ተቆረጠ።

የመንፈቅህ ተዝካር ዕለት እናትህ ከመራዊ መጡ። ዳሱ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ሳለ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጠገቤ ቆሙ። ልጃቸው ከአፌ ሲቀማ ስለኖረ ይቅር በይልኝ ብለው ለመኑኝ። ሆዳም አድርገው እንዳላሳደጉህ፣ ነገሩ በሰው ፊት ሲያሳፍራቸው እንደኖረ እያለቀሱ ነገሩኝ። ይሁኔ፣ እሳቸው ስላንተ ይቅርታ ሲለምኑ! ኀፍረቴን እዚያው ጣልሁት። ስለ ጨጓራዬ፣ ስለ ውፍረቴ፣ አንተ ጠግበህ እያቃሰትህ ስለዋጥህልኝ ሁሉ ሰው እየሰማ ተናገርሁ።

በዚህ ዘመን እንዲህም አለ ወይ ብለው ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እናትህ ግን ከያዙት ጉርሻ ዳር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ቆርሰው አጎረሱኝና የቀረውን ራሳቸው ጎረሱት። እየዋጡ፣ ልጄን፣ ልጄን እያሉ አነቡ። እትዬ ውባለም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሆዳም ብሎ ያነሣህ ሰው አልሰማሁም፤ ብሰማም ዝም አልልም።

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ሄጄ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ምንም አልጨመርሁም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እንደሚሸነፍ ነግሮኝ ሐኪሙ ጎበዝ አለኝ። ደስታው ይዞኝ ሄደ መሰለኝ፣ ራሴን ያገኘሁት ፋብሪካህ በር ላይ ነው። ፈረቃ የጨረሰው ሠራተኛ እየወጣ ነበር፤ ባሎቻቸውን ከሚጠብቁት ሴቶች ጋር ቆሜ የሚወጣውን ሁሉ ፊት ፊቱን አየሁ። ሴቶቹ ባሎቻቸውን እየያዙ ሄዱ። ዘበኛው በሩን ሲዘጋ ነው ልነግርህ መጥቼ እንደነበር የገባኝ።

አልረሳህም ማለት እንዲህ ከሆነ፣ ዓለሜ፣ እዚያ በር ላይ ገና ብዙ ጊዜ እቆማለሁ።

ሚስትህ ጥሩወርቅ