ሚነል ባጢን የተከራየነው ክፍል

ሰኞ፣ ጥር 4/2007፣ ጠዋት
ዛሬም ውሃ የለም። ባሌ ሰይድ ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ግንባታ ሥራው ሄደ። እኔ ዛሬ መላዝ ሰፈር የማጸዳው ቤት የለኝም። ያቅለሸልሸኛል። ለሰይድ የሩዙ ዘይት ነው አልኩት። ላንቺ ግን አልዋሽም፣ ማስታወሻዬ፤ አርግዣለሁ። ልንገረው? ገና። እዚህ አረብ አገር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ የለን፤ የትኛው ሐኪም ቤት ሊቀበለኝ?

ማክሰኞ፣ ጥር 5፣ ከሰዓት
አንድ ሽማግሌ በሩን እየደበደበ መጣ። የሕንፃው ባለቤት ነኝ ይላል። እኛ ባለቤት ብለን የምናውቀው ያከራየችንን ዘይነባን ነው! ወደኔ እየጠቆመ ይጮሃል። ከቀረው ጩኸቱ የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ፦ ባጢን፣ ባጢን። አረቦቹ ቤት ሆድን ባጥን ሲሉ ነው የምሰማው። ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እርጉዝ መሆኔን ማን ነገረው?» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ።

ለካ ሰይድ ከሥራ መጥቶ ከሽማግሌው ኋላ ቆሟል!

የሰይድ ፊት ነጣ። ሽማግሌውም የጠቆመበትን እጁን አወረደ።

ያው ዕለት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ
ጎረቤታችን ሱዳናዊው ቀስ ባለ አረብኛ አስረዳን። ስለ ሆዴ አልነበረም። ኢጃር ሚነል ባጢን፣ የሕግ ቃል ነው። ኢጃርስ ኪራይ ነው፣ ጉበይራ ሰፈር በየበሩ ተለጥፏል። ሚነል ባጢን ሲጨመርበት ግን፣ ተከራይ የተከራየውን መልሶ ለሌላ ሲያከራይ ማለት ነው። ባጢን ስውር፣ የውስጥ። ባጥንም ከዚያው ሥር ነው አለ፤ ሆድም ውስጥ ነውና። ወይ ጉድ! ወሎ ቁርአን ቤት «ወልባጢን» እያልኩ የቀራሁት የአላህ ስም! የቤት ክርክር ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ መቼ አስቤ።

ዘይነባም ተከራይ ናት። ባለቤቱን አላስፈቀደችም። እህቴ፣ ፈርቼ ነው የደበቅኋችሁ እያለች አለቀሰች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። የሰይድን ዓይን አየሁና ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 6
ሰይድ ፊቱን አዞረብኝ። ሻይ ቀዳሁለት፣ ቀዘቀዘ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና፣ «ለኔም ትደብቂያለሽ?» አለ። የቀዘቀዘውን ሻይ ደፋሁት።

ዓርብ፣ ጥር 8
ሽማግሌው ተመለሰ። ዛሬ አልጮኸም። ሆዴን አየና አንገቱን ደፋ። ኢቃማ አምጡ፣ በስማችሁ ልዋዋል አለ። የለንም አልነው። እንግዲያው በዚህ ሳምንት ውጡ አለ። ኸላስ፣ አለቀ።

ሰይድ አቅዷል። እኔ እጄን ለጀዋዛት፣ ለኢሚግሬሽኑ፣ ሰጥቼ አገር ልግባ፣ እሱ ባዲዓ ሰፈር ከሥራ ጓደኞቹ ጋ ተጠግቶ ይሥራ። አይሆንም አልኩ። ተቆጣ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠ፣ መዳፉን ሆዴ ላይ አደረገ፣ እንባው መጣ። ደነገጥኩ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ወስኛለሁ። እሑድ ጀዋዛት እንሄዳለን፣ አገር ልንገባ፣ ሁለታችንም። እሱ ገና እሺ አላለም።