አንድ ሰው ይበቃዋል

ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2018

ዛሬ በመንግሥት ድጋፍ የመጣልኝን የሶላር ፓምፕ ሐይቁ ዳር ተከሉልኝ። የግብርና ባለሙያዋ ማብሪያውን አሳየችኝና «እትዬ ዘይነባ፣ ከእንግዲህ ናፍጣ ፍለጋ የለም። ረዳትም አያስፈልግዎትም፤ አንድ ሰው ይበቃዋል» አለችኝ። «አላህ ይስጥልኝ» አልኳት። ልጅ ናት፣ ምን ታውቅ።

ድሮ ሁለት ሆነን ነበር የምናጠጣው። ባሌ ይማም ታች ከናፍጣው ሞተር ዘንድ ይቆማል፤ እኔ ላይ ሽንኩርቱ ውስጥ። ትልሙ ሲሞላ «አጥፋው!» እላለሁ። ሞተሩ ስለሚያጓራ አይሰማኝም። አራቴ አምስቴ እጮሃለሁ፤ ሽንኩርቱ ይጥለቀለቃል፤ እንጣላለን። ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው። ያ ጭቅጭቅ ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል?

ሰዎቹ ሲሄዱ ብቻዬን አጠጣሁ። ይሄኛው ፓምፕ ድምፅ የለውም፤ የራሴ እርምጃ ጭቃው ላይ ይሰማኝ ነበር። የመጨረሻው ትልም ሲሞላ ሳላስበው «ይማም፣ አጥፋው!» ብዬ ተጣራሁ። ወዲያው ደመና ፀሐይዋን ጋረዳትና ውሃው ቀጥ አለ።

ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ይማም በሕይወት ሳለ አንድም ቀን በመጀመሪያው ጥሪ ሰምቶኝ አያውቅም።