የእማማ ኑራ ፍየል በምን በሽታ ሞተች?

ለተከበሩ አቶ አንለይ፣
የመኖሪያ ቦታ እንስሳት አያያዝ ደንብ አስከባሪ ቡድን መሪ፣
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ሰሞኑን ብዙ ለደከመው ጨጓራዎም ዕረፍት እመኛለሁ። እኔ ከአዲሱ ቪላዎ ጀርባ እንቁላል እየሸጥኩ የኖርኩ ጎረቤትዎ ነኝ። እርስዎ ወደ ሰፈራችን ሲመጡ ዶሮዎቼ ቀድመው እዚያ ነበሩና፣ ይህን ድፍረታቸውን ይቅር እንዲሉልኝ እየለመንኩ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

1ኛ. የዶሮ ቤት ከማንኛውም መኖሪያ ቤት ሃያ ሜትር ይራቅ ብለው ስለወሰኑልን እናመሰግናለን። የሰፈራችን ግቢ ከአጥር እስከ አጥር ሃያ ሜትር አይሞላም። ሕግ አክባሪ ልሁን ብዬ ሜትር ይዤ ብዞር፣ ደንብዎ ለዶሮዎቼ የሚፈቅደው ብቸኛ ቦታ የአስፋልቱ መሃል ሆኖ አገኘሁት። ባጃጅ ከሚጨፈልቃቸው ብዬ ሁሉንም አረድኳቸው፤ እንቁላል ስጠብቅ የነበርኩት ሴትዮ አሁን ደንብ እየጠበቅሁ ውዬ አድራለሁ።

2ኛ. አውራ ዶሮዬ ከንጋት በፊት እንዳይጮኽ በጽሑፍ ስላስጠነቀቁት አመሰግናለሁ። ያልተማረ ስለነበር ጥፋቱን ደገመው።

3ኛ. ይህኛው ግን የእማማ ኑራ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ መቀለድ ያቅተኛል። ልጃቸው በወሊድ ሞታባቸው የልጅ ልጃቸውን ኢንዓምን በፍየል ወተት የሚያሳድጉ ሴት መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ደጅዎ ቆመው ነግረውዎታልና። በሰፈራችን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ፍየል ይለቀቃል፣ ሲመሽም በራሱ ይመለሳል፤ እያንዳንዱ ቤትም የራሱን የሚለየው ገና ግልገል ሳለ ጆሮው ላይ በሚያደርገው ምልክት ነው። የእርስዎ ሰዎች ይህን ባለማወቅ፣ ወይም በማወቅ፣ የእማማ ኑራን ሁለት ፍየሎች ከመንገድ ሰብስበው ወሰዱ።

እማማ ኑራ ቢሮዎ መጥተው ግቢያቸው የመኖሪያ ቦታ መሆኑ ሲነገራቸው፣ «ፍየሉም እዚህ ነው የሚኖረው» አሉ። ሠራተኞችዎ ሳቁ። ሕፃኗ ጀርባቸው ላይ በረሃብ ባታለቅስ ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

ከዚያ አንደኛዋ ፍየል በበሽታ ሞታ በጥንቃቄ መቀበሯን በድምፅ ማጉያ አስነገሩ። የቀረችው፣ የምትታለበው፣ ለምርመራ ተብላ እስካሁን ቢሮዎ ግቢ ፀሐይ ላይ ታስራለች። ጡቷ ሲወጠር ዘበኛው እያለበ ለራሱ ይጠጣል፤ ኢንዓም የስኳር ውሃ ትጠጣለች። የልጅቷ እጅ ቀጥኖ ጣቴን መጨበጥ አቅቶታል። ክቡር ሆይ፣ እኔ ይህን እያየሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እርስዎንም ጠልቼዎታለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። መኪና አያስፈልግም፣ አጃቢም አያስፈልግም፤ ገመዷን ይፍቱላት። መንገዱን ታውቀዋለች፣ ሲመሽ እማማ ኑራ ደጅ ትደርሳለች።

ለደንብ መከበር ያለዎትን ትጋት እያደነቅሁ፣ ዶሮ አልባ ያደረጉኝ፣ ነገር ግን ከእርስዎ ሃያ ሜትር ለመራቅ አቅሙን ያጣሁ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

አሰገደች በቃሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በበሽታ ሞታ ተቀበረች ያሏትን ፍየል ጭንቅላት፣ እንግዶችዎን ጥብስ በጋበዙበት ማግሥት ግብዣው ከተደረገበት አዳራሽ ጀርባ ካለው ቦይ ውስጥ ውሻ ጎትቶ አወጣው። የግራ ጆሮዋ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ የእማማ ኑራ ቤት ምልክት መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ አይቶ መስክሯል። በከተማችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በክት አይበላም። ስለዚህ ወይ እንግዶችዎን በክት አብልተዋቸዋል፣ ወይ ጤነኛ ፍየል ከሕፃን ነጥቀው አርደዋል። የትኛው እንደሆነ በዚያው በድምፅ ማጉያ ይንገሩን፤ እንግዶችዎም እየጠየቁ ነው።