ክፍሉ በሙሉ ዝም ያለልኝ ቀን

ይድረስ ለእማዬ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ያስወጣሽ ጀመር ወይስ አሁንም ከምድር ቤት ሆነሽ ነው ፎቅ ያለውን ሰው በጩኸት የምታዝዢው? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ናፍቆቱም ቢሆን ጊዜ ሳገኝ ነው።

ድሮ «ይቺ ልጅ ቆማም ትተኛለች» ስትይ ስም ማጥፋት ይመስለኝ ነበር። ይኸው ቃልሽ ደረሰ። ባለፈው ተረኛ ሆኜ አደርኩና፣ እንደ ደንባችን፣ ሲነጋም ሥራው ቀጠለ። እኛ ተለማማጅ ሐኪሞች ሲደክመን የሚተካን ሌላ ተለማማጅ ነው፤ እሱም አብሮኝ ነበር ያደረው። ከምሳ በኋላ የአንዲት አሮጊት ደረት ላይ ማዳመጫዬን አድርጌ «ይተንፍሱ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም። ልባቸው ግን ደህና መሆን አለበት፤ ያን ያህል የሚያስተኛ ምት በሽታ የለበትም።

ሴትዮዋ ደግ ናቸው፣ አልቀሰቀሱኝም። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እሽሽ፣ የሰው ልጅ ናት፣ ትንሽ ትረፍ» ብለው ክፍሉን ጸጥ አሰኙት። አጠገባቸው የተኛው ልብስ ሰፊ ስኳሩ ወርዶ ላብ ሲያጠምቀው፣ እሱም ይሉኝታ ይዞት ዝም። የነቃሁት የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ወድቆ ሲሰበር ነው። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጥተነው ዓይኑን ሲገልጥ፣ መጀመሪያ ያለኝ «ዶክተር፣ ቀሰቀስኩሽ እንዴ?» ነው። እማዬ፣ ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ሰውየው በይሉኝታ ሊሞትብኝ ነበር።

በማግሥቱ አለቃችን በሽተኞቹን ሊያዩ ሲዞሩ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው «እኛም እንዲሁ ሠርተን ነው ያደግነው» አሉ። ልብስ ሰፊው ከትራሱ ቀና ብሎ «ታዲያ ያኔ ስንት ሰው ሞተብዎ?» አላቸው፤ ለማወቅ ያህል እንጂ ክፋት የለውም። አለቃችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ንጹሕ ነበር። ደግመው ጠረጉት።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ያደረ ሐኪም ጠዋት በሽተኞቹን ለተተኪው አስረክቦ ቤቱ ይገባል። «ለሙከራ ነው» ብለውናል። ሙከራው እንዳይበላሽ ዘበኞቹ በሽተኞቹ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት ትንሽ ልቆይ ብዬ ሳዛጋ አሮጊቷ አዩኝና «ልትተኛብን ነው!» ብለው ጮኹ፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ከክፍሉ አስወጣኝ። እንደዚያ ሲጮህ ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ። እህቴን ከነመንታዎቿ እቀፊልኝ። ወንድሜን ደግሞ አልጋዬን መውሰዱን ሰምቻለሁ በይው፤ ስመጣ እፈልገዋለሁ፣ አሁን መተኛት ሥራዬ ሆኗል።

እንቅልፋሟ ልጅሽ

ከሐኪሞች ማደሪያ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጠግቤ ተኝቼ እንደነቃሁ።