ክለቡ ተፈረደበት

ይድረስ ለወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ የእማዬ ጉልበት ተሽሎታል፣ የሚያፈሰው ጣሪያም ተጠግኗል።

የልጅነት የዋና ክለብህ፣ አሠልጣኙ በልጆቹ ላይ ባደረሰው በደል ተከሶ ነበር። አሠልጣኙ ቢሞትም ዳኛዋ፣ «ክለቡ እያወቀ ዝም ብሏል፤ ተጠያቂ ነው» ብላ ፈረደችበት። አብሮህ ይዋኝ የነበረው ግንበኛው ጓደኛህ ያኔ አሠልጣኙ ምን እንዳደረገው ችሎት ፊት ቆሞ ተናገረ። ሲወጣ እጄን ይዞ፣ «ወንድምሽስ ደህና ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። እጄን ቶሎ አልለቀቀኝም።

ለእማዬ ስነግራት፣ «ዋና ያቆመው ውሃው ይቀዘቅዛል ብሎ ነበር እኮ» አለችና ድስቱን ማማሰል ቀጠለች። ምድጃው ግን ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

የጓደኛህ ጠበቃ ስልክህን ጠየቀችኝ፤ ያለ ፈቃድህ አልሰጥም አልኳት። ክፍልህን አጽድቼዋለሁ። ብትመጣ ማንም ምንም አይጠይቅህም።

ባለህበት ሰላም ያውልህ፤
ታላቅ እህትህ