ከአሮጌ ድስት ቶርኖ ያወጡት የአቶ ዝናው ይመር የሕይወት ታሪክ
(ከ1953 – 2016 ዓ.ም.)

አቶ ዝናው ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር ተገኘ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እናትነሽ አበጋዝ ሚያዝያ 23 ቀን 1953 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ካለ የገበሬ ቤት ተወለዱ። በልጅነታቸው በሐይቅ እስጢፋኖስ ዳዊት ደግመዋል፤ ከዚያም በሐይቅ ከተማ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል።

በ1972 ዓ.ም. ደሴ ሄደው ብረት መቅረጫ ቶርኖ ባለው ጋራዥ ተቀጠሩ። መጀመሪያ የብረት ፍቅፋቂ ጠራጊ ነበሩ። በአራተኛው ዓመት ቶርኖው ላይ ቆሙ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ከዚያ አልወረዱም። በ1981 ዓ.ም. ወ/ሮ ሙሉአለም ካሳን አግብተው ልጃቸውን ሰብለወንጌልን ወልደዋል።

ለውጡ በመጣበት በ2010 ዓ.ም. ጋራዡ ተዘጋ፤ ቶርኖውም ተሸጠ። አቶ ዝናው ወደ ሐይቅ ተመልሰው በጓሯቸው የራሳቸውን ቶርኖ ለመሥራት ተነሡ። ያረጀ ፒስቶንና የተቀደደ የአሉሚኒየም ድስት ሰብስበው፣ የጭቃ ምድጃ አቁመው በከሰል አቀለጡ፤ ከሐይቁ ዳር ባመጡት አሸዋ ቅርጽ አውጥተው አፈሰሱ። የመጀመሪያው ቀን አሸዋው እርጥብ ኖሮ ፈነዳ፤ በግራ ክንዳቸው የምታውቁት ጠባሳ የዚያ ነው። ወ/ሮ ሙሉአለም፣ "ድስቱን ሁሉ ጨረስከው፤ እንግዲህ ሽሮውን በቶርኖህ ትሠራልኛለህ" ይሏቸው ነበር።

የቶርኖው መቀመጫ ካልተስተካከለ የሚቀረጸው ሁሉ ጠማማ ይወጣል። ስለዚህ ሦስት ጠፍጣፋ ብረቶች ጥላሸት እየቀቡ፣ አንዱን በሌላው ላይ እያሹ፣ ጥላሸት የነካውን ጉብታ በእጃቸው ፋቁ። ሰባት ወር ፈጀባቸው። "ሁለት ብረት ተስማምቶ ሊዋሽ ይችላል፤ ሦስተኛው ነው የሚያጋልጣቸው" ይሉ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ቶርኖው ዞረ። በቶርኖውም ብረት መያዣ ሞርሳና ብረት መብሻ ትራፓኖ ሠሩ። መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚዞር ጎማም ገጠሙለት።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተማችን በታጣቂዎች ተይዛ፣ መብራት ጠፍቶ፣ መንገድ ተዘግቶ ሳለ የአቶ ሀሚዱ የናፍጣ ወፍጮ ዘንግ ተሰበረ። ሰፈሩ ስንዴ እየቆላ ሰነበተ። አቶ ዝናው ከተቃጠለ መኪና ብረት አውጥተው፣ ሰብለወንጌል ጎማውን እያዞረች፣ በሁለት ቀን አዲስ ዘንግ ቀረጹ። ወፍጮው ተነሣ፤ ሰፈሩ ሁሉ ዱቄት በላ። ታጣቂዎቹም መሣሪያ ደግነው አስፈጩ። ይህን ያላየ የለም።

ታጣቂዎቹ በወጡ በሳምንቱ ሦስት የሰፈራችን ሰዎች፣ "ዝናው ለጠላት ወፍጮ ጠግኗል" ብለው ፈርመው ከሰሱ። ከሰፈሩ ያን ዱቄት ያልበላ ስለሌለ ሦስቱም በልተዋል። አፋቸውን ሳይጠርጉ ፈረሙ። አቶ ዝናው ከከተማ ውጭ ሃያ ሰባት ቀን ታሰሩ። የፈራሚዎቹ ቁጥር እንጂ ስም አልተነገራቸውም። የተፈቱት አቶ ሀሚዱ ሄደው፣ "ወላሂ፣ ወፍጮው የኔ ነው፤ ሥራልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። ጋሼ ዝናውን ካሰራችሁ እኔንም እሰሩኝ" ካሉ በኋላ ነው።

ቤት ሲገቡ ቶርኖው የለም። ባለቤታቸውና ልጃቸው ስንቅ ሊያደርሱ በሄዱበት፣ ጦርነቱ ያልነካውን ቶርኖ ጎረቤት በመዶሻ ሰባብሮ ለውዳቂ ብረት ሰብሳቢ በኪሎ ሰጥቶታል። ይህ ነገር ያስጸይፋል። ለስለስ አድርገን እንድንጽፈው የመከሩን ነበሩ፤ ለስላሳ ቃል አላገኘንለትም።

አቶ ዝናው ለሰፈሩ እድር፣ ለቅሬያችን አመለከቱ። የጠየቁት ካሳ አልነበረም፤ አውጫጭኝ ተቀምጦ፣ የከሰሳቸው ሰው ክሱን በፊታቸው እንዲደግመው ነበር። የከሳሾቻቸው ስም እንዲጠራ ብቻ ፈለጉ። "ያለፈውን አትቆስቁስ፤ ስንቱ ሞቶ የለም ወይ" ተባሉ። ከዚያ "ከሰፈሩ" ተብሎ በግ ተላከላቸው። እርሳቸውም፣ "የላከውን ሰው ንገሩኝና በጉን አርደዋለሁ" ብለው መለሱት። ሁለት ዓመት በየስብሰባው እየተነሡ ያንኑ ጠየቁ። "ቶርኖው ደግሞ መዞር ጀመረ" እያለ የሚስቅ ነበር። ምድጃውን ዳግመኛ አላነደዱም። ለምን ሲባሉ፣ "ለማን?" ይሉ ነበር።

በጉበት ሕመም አምስት ወር ታመው የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና አንዲት እኅታቸው ሐዘን ላይ ናቸው።

ከማረፋቸው በፊት አንድ ቃል ተናዝዘዋል፤ በሙሉ እንዲነበብም አዘዋል፦ "ቅሬው ይቅበረኝ፤ ቅሬዬ ነው። የፈረሙብኝና ቶርኖዬን የሰበሩት ግን ቃሬዛዬን እንዳይነኩ።"

ቤተሰቡ ስማቸውን አያውቅም። እነርሱ ግን ራሳቸውን ያውቃሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሁሉ ትከሻውን ይስጥ፤ ሌላው ባለበት ቆሞ ይቅር። እያወቀ የሚሸከም ካለ ደግሞ በሬሳ ላይ መዋሸቱን ይወቀው።

እግዚአብሔር የአቶ ዝናውን ነፍስ የሐሰት ቃል በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ አሜን።

አሁን ተሸካሚዎች ቅረቡ።