የዋርካውን ምልክት ያስነበቡን መምህር አዛናው ጀምበሩ ማረፍ

የሽንፋ ወንዝ ዳር ቀበሌ የሴቶች ማኅበር፣ የምህንድስና መምህሩ አዛናው ጀምበሩ ሰኔ 14 ቀን 1974 ዓ.ም. በተወለዱ በ34 ዓመታቸው በጎርፍ ተወስደው መሞታቸውን ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

መምህር አዛናው በዚሁ ቀበሌ ተወልደው፣ ጎንደር ተምረው፣ በምህንድስና ኮሌጅ ሰባት ዓመት አስተምረዋል።

በ1969 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸው በእያንዳንዱ ንድፍ መጨረሻ «ከእኛ በኋላ» የሚል ገጽ እንዲጨምሩ አደረጉ። ድልድዩ ወይም ቦዩ ከተሠራ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አፈሩ፣ ዛፉና ውሃው ምን እንደሚሆን የሚጻፍበት ነው። ይህ ገጽ የጎደለውን ንድፍ አያርሙም ነበር።

ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ተማሪዎቻቸውን ወደ እኛ ያመጡ ነበር። በእኛ ዘንድ ጎርፍ ሲጎድል ውሃው የደረሰበት ልክ በወንዝ ዳር ዛፍ ላይ በምሳር ይቆረጣል። ተማሪዎቹ የመለኪያ መሣሪያቸውን ከመትከላቸው በፊት ሽማግሌው አቶ ዘሩ የቆረጧቸውን ምልክቶች ያነቡ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ለሰሊጥ እርሻ መሬት ሲመነጠር ምልክት ያለባቸው ዛፎች በዶዘር ወደቁ። አንድ ዋርካ ብቻ ቀረ። በተመነጠረው ሜዳ ላይ፣ ለውሃ ቅርብ ነው ተብሎ፣ የሠራተኞች ሰፈር ተተከለ። የዋርካው ከፍተኛ ምልክት ከድንኳኖቹ ጫፍ በላይ ነው። መምህሩ ሰፈሩ እንዲነሳ ለእርሻው አስተዳደር ሁለት ጊዜ ጻፉ። መልስ አልመጣም።

ሰኔ 14 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወንዙ ቀልቶ ግንድ ማምጣት ጀመረ። ዝናቡ የጣለው ደጋ ላይ ነበር፤ እዚህ ደመና አልነበረም። መምህሩ ሠራተኞቹን ውጡ ቢሏቸው፣ ከጎጃም የወረዱት አለቃቸው አቶ ያረጋል «ሰማዩ እንዲህ እየነደደ የምን ጎርፍ ነው? መምህር፣ ፀሐይ መታዎት እንዴ?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። መምህሩ ከተማሪዎቻቸው ጋር ያገኙትን የሠራተኞቹን ስልቻ ሁሉ አንስተው ወደ ኮረብታው ሮጡ። ስልሳ ሁለት ሰዎች «ሌባ! ያዙት!» እያሉ ተከተሏቸው። ኮረብታው ላይ ደርሰው ዘወር ሲሉ ውሃው ሰፈሩን ሞልቶት ነበር።

ወባ ይዞት የተኛው ወጣት ደምለው ድንኳን ውስጥ ቀርቶ ነበርና መምህሩ ስልቻውን አስቀምጠው ተመለሱ። ሁለቱም የተገኙት በሦስተኛው ቀን ነው። ተሸክመው የቀበሯቸው «ሌባ» ያሏቸው ሰዎች ናቸው።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ሙሉአለም፣ ለተማሪዎቻቸው፣ ለባልደረቦቻቸውና ደጋ ላለው ለደምለው ቤተሰብ መጽናናትን ይመኛል። የመምህሩ እናት ወ/ሮ ታንጉት የማኅበራችን ጸሐፊ ናቸው። ይህን የጻፉትም እርሳቸው ስለሆኑ መግለጫው ዘግይቷል።

ድንኳኖቹ ከትናንት ጀምሮ በዚያው ሜዳ ላይ እንደገና እየተተከሉ ነው። ተማሪዎቹ የሰኔ 14ቱን ልክ ዋርካው ላይ ቆርጠውት ሄደዋል፤ የቆመ ሰው ደረት ላይ ይደርሳል። ድሮ በነሐሴ ጎርፍ የተቆረጠው ከፍተኛው ምልክት ግን ከዚያ አራት ክንድ ከፍ ይላል። ሰሊጥ ለመዝራት የወረዳችሁ የሰው ልጆች፣ እባካችሁ አሁኑኑ ወደ ኮረብታው ውጡ። ነሐሴ ሲገባ ስልቻችሁን ይዞላችሁ የሚሮጥ ሰው የለንም።

ሰኔ 26 ቀን 1974 ዓ.ም.